ጉዳዩ የበረዶ ብቻ አይደለም

ፐርማፍሮስት የሚባለው ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሳይወጣ የቆየ መሬት ነው። በሳይቤሪያ፣ በአላስካና በሰሜን ካናዳ እንዲህ ያለው መሬት በሺህ ዓመታት የተጠራቀመ ሥር፣ ቅጠልና የእንስሳት ቅሪት አምቆ ይዟል። በውስጡ ያለው ካርቦን ወደ 1,500 ቢሊዮን ቶን ይገመታል፤ በከባቢ አየር ውስጥ ካለው እጥፍ ገደማ ነው። መሬቱ ሲሟሟ፣ በተለይም ሐይቅ ተኝቶበት ከሥር ሲሟሟ፣ ካርቦኑ ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ይህን ያህሉን ዛሬ ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። ከእውቀቱ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ድምዳሜ ግን ስህተት ነው። ድምዳሜው ነገሩን የበረዶ አገር ጣጣ ያደርገዋል፤ ኢትዮጵያ በረዶ ስለሌላት ከተጎጂነት በቀር ድርሻ የላትም፣ ራስ ዳሽንም ጠዋት አመዳይ ለብሶ ረፋድ ላይ የሚያራግፍ ተራራ ስለሆነ ከዚህ ሒሳብ አይገባም ይላል። በክፍል ውስጥም፣ በዜና ዘገባም፣ በስብሰባ አዳራሽም ሳይመረመር ይደጋገማል። በረዶ የለም የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ አይመለከተንም የሚለው ግማሽ ግን ከዚያ አይወጣም።

እውነቱ ይቅደም። በስሜን ተራሮች ዛሬ ፐርማፍሮስት የለም። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዳባት ከእሷ ዝቅ ትላለች፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ሙቀት በየመቶ ሜትር ከፍታው 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ በደባርቅ ገበያና በራስ ዳሽን ጫፍ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። በቧሂትና በራስ ዳሽን ላይ አፈሩ ሌሊት ይቆራል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይፈታል። ይህ የዕለት ውርጭ እንጂ ከመሬቱ ጥልቅ የሚቀመጥ ቁር አይደለም። በባሌ ሳኔቲ አምባ ላይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ መሬት ውስጥ የቀበሯቸው የሙቀት መለኪያዎችም ይህንኑ አሳይተዋል፤ የሌሊቱ ውርጭ የሚነካው ስሱን የላይኛ አፈር ብቻ ሲሆን ከሥሩ ያለው መሬት ከዜሮ በብዙ ዲግሪ ይበልጣል።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። ስዊዘርላንዳዊው የጂኦግራፊ ተመራማሪ ሀንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥንታዊ የበረዶ ግግር ገፍቶ የተዋቸውን የድንጋይ ክምሮችና ውርጭ ያንሸራተታቸውን ተዳፋቶች እየተከተሉ፣ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ስሜን ከዛሬው በ7 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዝ እንደነበር አስልተዋል። እንግዲህ ስሜን ራሱ አንድ ጊዜ ሟሙቷል። ከዚያ በኋላ የሆነው ለክርክሩ ትልቅ ማስረጃ ነው። ግግሩ ሲጠፋ መሬቱ ባዶውን አልቀረም። ጓሳው፣ አስታውና ጅብራው ወደ ላይ ወጡ፤ ከሥራቸውና ከቅጠላቸው ጥቁር አፈር ተጠራቀመ። በረዶ በሌለበት ካርቦን ተከማቸ ማለት ነው። ያከማቸውም ቅዝቃዜ፣ እርጥበትና ማረሻ ያልነካው ሽፋን ነው።

ከሐይቅ ሥር የሚሆነውን በቅርብ ያየ ሰውም ወደዚሁ ነጥብ ይደርሳል። በሳይቤሪያና በአላስካ ሜዳዎች ከአፈሩ ይዘት ትልቁ ድርሻ በረዶ የሆነበት ቦታ አለ። ያ በረዶ ሲቀልጥ መሬቱ ይሰምጣል፤ በሰመጠውም ቦታ ውሃ ይተኛል። ውሃው የሞቃቱን ወራት ሙቀት ይዞ ይቆያል። ሐይቁ ከሁለት ሜትር ገደማ በላይ ከጠለቀ በቀዝቃዛው ወራት ላዩ ቢጠጥርም ወለሉ አይጠጥርም። ስለዚህ ከወለሉ በታች ዓመቱን ሙሉ የቀለጠ አፈር ይፈጠራል፤ ከዓመት ዓመትም ወደ ታች ይወርዳል። በዚያ አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ጥቃቅን ተህዋስያን የጥንቱን የዕፅዋት ቅሪት ይመገባሉ፤ ሚቴንም ያመነጫሉ። በአላስካ ፌርባንክስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኬቲ ዋልተር አንተኒ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ሳይቤሪያ ሐይቆች ባወጡት ጥናት፣ ከሐይቆቹ ከሚወጣው ሚቴን 95 በመቶው በአረፋ መልክ እንደሚወጣ፣ በአረፋው ያለው ካርቦንም ከ35 እስከ 43 ሺህ ዓመት ዕድሜ እንዳለው አሳይተዋል። በ2018 ደግሞ ከሐይቅ ሥር የሚካሄደው ድንገተኛ መሟሟት ሲታሰብ፣ በዚህ ክፍለ ዘመን ከፐርማፍሮስት ይጠበቅ የነበረው የማሞቅ ጫና ከእጥፍ በላይ ሊሆን እንደሚችል አስልተዋል። ሚቴን በመቶ ዓመት ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ገደማ፣ በ20 ዓመት ሲለካ ከ80 ጊዜ በላይ ያሞቃል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ በረዶው የሚሠራው ሥራ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛ፣ በጉድጓድ ተከድኖ እንደተቀበረ እህል ካርቦኑን ሳይበሰብስ ያቆያል። ሁለተኛ፣ ሲቀልጥ መሬቱን አስምጦ ለሐይቁ ገንዳ ያበጃል። ሚቴኑን የሚሠራው ግን በረዶ አይደለም። የሚሠሩት የተቀበረ የዕፅዋት ቅሪት፣ አየር የሚከለክል ውሃ፣ ለተህዋስያኑ የሚበቃ ሙቀትና ጊዜ ናቸው። እነዚህ ነገሮች በሌላ መንገድም ይገናኛሉ። በመስመጥ ፋንታ ጎርፍ፣ በሟሟ ገንዳ ፋንታ ግድብ ሊያገናኛቸው ይችላል። በሞቃት አገር ደግሞ ተህዋስያኑ ፈጥነው ይሠራሉ እንጂ አይዘገዩም።

አፍሪካ ለዚህ ምስክር አጥታ አታውቅም። በሩዋንዳና በኮንጎ መካከል ያለው የኪቩ ሐይቅ በጥልቁ ውስጥ 60 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የሚገመት ሚቴን ሟሙቶ ይዟል፤ ሩዋንዳ እየቀዳች ኤሌክትሪክ ታመነጭበታለች። በደቡብ ሱዳን ያለው የሱድ ረግረግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት የሚቴን ልቀቱ መጨመሩን ሳተላይቶች መዝግበዋል። በሁለቱም ቦታ የበረዶ ጠብታ የለም። እዚሁ ቅርብ፣ የጣና ወለል ራሱ ታሪክ አለው። ከሐይቁ ሥር ተቆፍሮ የወጣው ደለል እንደሚያሳየው ጣና በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ ላይ ደርቆ ነበር። ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ውሃው መመለስ ሲጀምር ቦታው በመጀመሪያ ረግረግ ሆኖ የዕፅዋት ቅሪት አከማቸ፤ በኋላ ነው ሐይቁ የሸፈነው። ጣና በአማካይ ከ10 ሜትር በታች ጥልቀት ያለው፣ ነፋስ የሚያናውጠው ሐይቅ ስለሆነ ኦክስጅን እስከ ወለሉ ይደርሳል፤ ከጭቃው የሚወጣውን ሚቴን ብዙውን ሌሎች ተህዋስያን መንገድ ላይ ይበሉታል። የእንቦጭ አረም ውሃውን ሲሸፍን ግን ያ ኦክስጅን ይቀንሳል። ስለ እንቦጭ የሚነገረው ሁሉ ስለ ዓሣና ስለ ጀልባ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ከዚሁ፣ ጋዝ የሰሜን ዋልታ ነገር ነው ከሚለው አስተሳሰብ የመጣ ነው።

ከደባርቅ በላይ ወዳለው ተራራ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ከሳንቃበር እስከ ግጭና ጨነቅ ያለው የውርጭ ቀበቶ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ፣ ጥቁር፣ ቀላልና ውሃ የሚመጥ አፈር ነው። የማዕድኑ ጠባይ የበሰበሰውን ቅሪት አጣብቆ ይይዛል፤ ቅዝቃዜው ደግሞ ብስባሹን ያዘገያል። ብስባሽ በየ10 ዲግሪው በእጥፍ ገደማ ስለሚፈጥን፣ በደባርቅ አንድ ዓመት የሚፈጀው መበስበስ በተራራው ጫፍ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል። ጓሳው በየዓመቱ ከመሬት በታች የሚተወው ሥር ከሚበሰብሰው ስለሚበልጥ አፈሩ እየጠቆረ፣ እየወፈረ ይሄዳል። ይህ ክምችት ለማለቅ ዜሮ ዲግሪን መሻገር አያስፈልገውም። አንድ ዲግሪ ሙቀት ሲጨመር ሒሳቡ ይዛባል፤ ማረሻ ሲገባ ደግሞ ይገለበጣል። በብዙ አገር የተደረጉ ልኬቶች እንደሚያሳዩት ድንግል መሬት ሲታረስ ከላይኛው አፈር ካርቦን ከሩብ እስከ ግማሽ የሚሆነው በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ይጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ ይነሳል፤ በቸልታ ሊታለፍም አይገባም። ውርጭ የደጋው ገበሬ ጠላት ነው። አንድ ሌሊት የወረደ ውርጭ ያሸተ ገብስና ባቄላ ያመክናል። ስለዚህ ቅዝቃዜው ሲያፈገፍግ፣ ገብሱ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ዱሮ ያልነበረ ሰብል በዳባትና በደባርቅ ማሳ ላይ ሲበቅል፣ ይህ ለገበሬው ትርፍ እንጂ ኪሳራ አይደለም ይባላል። ሰው የሚበላውን ትቶ ስለ ካርቦን ማውራት ጥጋብ ነው የሚልም አለ። ትርፉ እውነተኛ ነው። የትርፉ ምንጭ ግን ሊታይ ይገባል። አዲስ የተፈነቀለ የጓሳ መሬት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያለ ማዳበሪያ መልካም ገብስ ይሰጣል፤ የሚሰጠውም ለዘመናት የተጠራቀመው ቅሪት እየበሰበሰ ናይትሮጅኑን ለሰብሉ ስለሚለቅ ነው። ካርቦኑ በዚያው ሰዓት ወደ አየር ይወጣል። ገበሬው የሚያጭደው አዝመራና ከመሬቱ የሚወጣው ጋዝ የአንድ ሥራ ሁለት ውጤቶች ናቸው። ቅሪቱ ሲያልቅ ምርቱ ይወድቃል፤ ውሃ ይመጥ የነበረው አፈር ዝናቡን ወደ ታች ይለቀዋል። ጭቃ የሆነ ጎርፍ በሊማሊሞ ገደል ሲወርድ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ኩበቱ ለማሳው ሳይሆን ለምድጃው ስለሚውል የጎደለውን የሚተካ ነገር የለም። በዚህ ገበሬው አይወቀስም፤ በደጋው የእንጨት ማገዶ እንደልብ አይገኝም።

ጎርፉ የት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ነገሩን ወደ ሐይቅ ይመልሰዋል። የስሜን ውሃ ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ ተከዜ ወደ አትባራ ይገባል። ሁርኒ ስለ ኢትዮጵያ ደጋዎች ባደረጉት ግምት ከታረሰ መሬት በየዓመቱ በአማካይ 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር ይሸረሸራል። ከዚያ የሚበዛው ተዳፋቱ ግርጌ ቢቀርም ቀሪው ወንዝ ይገባል። በሱዳን እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ታስቦ ነበር፤ ከተከዜና ከአትባራ የመጣ ደለል ግማሽ ያህሉን ሞላው። በ2009 የተጠናቀቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብም በዚያው ተፋሰስ ውስጥ ደለል ከሚያጠምዱት አንዱ ነው። ከደጋ የወረደ ጥቁር አፈር በሞቃት ቆላ፣ በቆመ ውሃ ሥር ይተኛል። የሳይቤሪያው ሐይቅ ያገናኛቸው ነገሮች በሙሉ እዚህም አሉ፤ የጠፋው በረዶው ብቻ ነው። በዓለም ያሉ ሰው ሠራሽ ሐይቆች በየዓመቱ ከ0.8 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚመጣጠን ሙቀት አማቂ ጋዝ እንደሚለቁ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ገምቷል፤ ከዚህም አብዛኛው ሚቴን ነው።

ይህ ሲባል ተከዜ እንደ ሳይቤሪያ ሐይቅ ይፈላል ማለት አይደለም። የተከዜ ሸለቆ ድንጋያማና ደረቅ ነው፤ ውሃው የዋጠው ደን እንደ አማዞን ግድቦች የበዛ አይደለም። ከዚህም በላይ ደለል ካርቦንን ከተህዋስያን ሰውሮ ሊያቆየው ይችላል። የዋልተር አንተኒ ቡድን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳየው፣ የበረዶ ዘመኑ ካበቃ በኋላ የተፈጠሩት የሰሜን ሐይቆች መጀመሪያ ጋዝ አመንጪ ሆነው በኋላ፣ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ፣ በወለላቸው በተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት ምክንያት ካርቦን አስቀማጭ እንደሆኑ ነው። ሐይቅ ሥር የገባ ካርቦን አንዳንዴ ይወጣል፣ አንዳንዴ ይቀመጣል። የትኛው እንደሚሆን የሚወስኑት የውሃው ጥልቀት፣ የደለሉ ፍጥነት፣ ኦክስጅኑና ሙቀቱ ናቸው። በረዶ የለም ብሎ ነገሩን መዝጋት እነዚህን አራቱንም ሳይለኩ መልስ መስጠት ነው።

በተቃራኒው ወገን ያለው ማጋነንም ከዚህ አይሻልም። የአርክቲክን የሚቴን ወሬ እንዳለ አንሥቶ በስሜን ላይ የሚለጥፍ፣ ተራራው ሥር የታመቀ ቦምብ እንዳለ የሚያስወራ ጽሑፍ አልፎ አልፎ ይታያል። በአርክቲክም ቢሆን የቦምቡ ምሳሌ አሳሳች ነው። መሟሟቱ በአንድ ቀን የሚፈነዳ ሳይሆን በአሥርት ዓመታትና በክፍለ ዘመናት የሚዘልቅ ፍሳሽ ነው፤ መጠኑንም በዋናነት የሚወስነው ሰው የሚያቃጥለው ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ነው። ቦምብ አለ የሚለውም፣ አይመለከተንም የሚለውም ወገን በረዶን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ አድርጎ ያያል። አንዱ በረዶ ስለሌለ ይተኛል፤ ሌላው በሌለ በረዶ ይሸበራል።

የመጨረሻው መከራከሪያ የመጠን ነው። የኢትዮጵያ ልቀት ከዓለም አንድ በመቶ አይሞላም፤ የስሜን አፈር ከሳይቤሪያው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ማን ይክፈል በሚለው የፍትሕ ክርክር ውስጥም ቦታ አለው። አገሪቱ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ልቀቷን 150 ሚሊዮን ቶን ገምታ፣ ከዚህ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን እንደሚመጣ ጽፋለች። ማለትም የኢትዮጵያ ልቀት ከፋብሪካ ጭስ ይልቅ የመሬት ጉዳይ ነው፤ አፈሩን ከሒሳቡ ማውጣት ዋናውን ማውጣት ይሆናል። ደግሞም በአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው መሬት 80 በመቶ የሚሆነው በኢትዮጵያ እንደሚገኝ ይገመታል። ስሜን ብቻውን ትንሽ ሊሆን ይችላል። ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከጮቄ፣ ከጉና፣ ከአቡነ ዮሴፍና ከመንዝ ጓሳ ጋር ሲደመር ግን የአህጉሩ ቀዝቃዛ አፈር ነው። ለሳይቤሪያ ፐርማፍሮስት የኢትዮጵያ መንግሥት የሚያደርገው ነገር የለም፤ ለዚህ አፈር ግን ከእሱ በቀር ባለቤት የለውም።

ምን ይደረግ ለሚለው ስሜን የራሱ ልምድ አለው፤ ልምዱ ንጹሕ አይደለም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ወጣ። በመካከሉ፣ በ2016፣ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ በግጭ አምባ ላይ የነበረው እርሻና ግጦሽ ቀንሷል። የተመለሰው የጓሳ ሽፋን የአፈሩን ካርቦን እንደሚመልስ ከሥነ ሕይወቱ መረዳት ይቻላል። ይህ የተገኘው ግን ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተው ነው። የካርቦን ሒሳብ ይህን ዋጋ ካልቆጠረ ገበሬውን ለመንቀል ሌላ ሰበብ ከመሆን አያልፍም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በፓርኩ የተነሣው ቃጠሎ ደግሞ አስታና ጓሳን ባንድ ጊዜ በላ፤ እሳቱን ለማጥፋት ከእስራኤል ድረስ ባለሙያ መጥቷል። ያኔ የተዘገበው የተቃጠለው ስፋትና የዋልያው ስጋት ነበር። ከሥሩ ያለው አፈር ሽፋኑን ካጣ በኋላ በቀጣዩ ክረምት ጎርፍ ምን ያህሉ እንደሄደ ዜና አልሆነም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከማቆምና ከመለካት ነው። ማቆሙ በአብዛኛው የታወቀ ነው፦ ከጓሳው ድንበር በላይ አዲስ ማረሻ እንዳይገባ ማድረግ፣ ለዚህም በዝቅተኛው ማሳ ላይ ምርት የሚጨምር ዘርና ማዳበሪያ ማቅረብ፤ ለደባርቅና ለዳባት ቤቶች ኩበትን ከምድጃ የሚያሳርፍ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ወይም ኤሌክትሪክ ማድረስ፤ እርከኑን መጠገን። መለኪያው ደግሞ ውድ አይደለም። የአፈሩ ካርቦን በታረሰና ባልታረሰ መሬት ጎን ለጎን እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ሊለካ ይገባል፤ የአፈሩ ሙቀትም ከደባርቅ እስከ ቧሂት በየ300 ሜትር ከፍታው። በጅንባር ሸለቆ ውሃ በሚያቁሩት ረባዳ ቦታዎች ላይና በተከዜ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ደለል በሚያርፍበት ጫፍ ላይ ደግሞ፣ በሳይቤሪያ እንደተደረገው ሁሉ፣ የተገለበጠ ጥላ የመሰለ አረፋ ማጥመጃ ውሃ ውስጥ አጥልቆ የሚወጣውን ጋዝ መሰብሰብ ይቻላል። ከጅንባር የሚገኘው ቁጥር ከተከዜው ጋር ሲነጻጸር አንድ ዓይነት አፈር በቀዝቃዛው ምንጩ ላይና በሞቃቱ ማረፊያው ላይ የሚለቀውን ለይቶ ያሳያል።